ባሌ ውሃ የተወበት ዘመን

ባለፈው ሰሞን ካራቆሬ ለቅሶ ደርሼ ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ይማም ከጎኔ ተቀመጠ። ይማም በእኛ ዘመን ሸዋ ሮቢት ላይ የማሾና የሽንኩርት ነጋዴ ነበር፤ ከእህሉ ይልቅ ወሬው ቶሎ የሚሸጥለት። አሁን አርጅቷል። ጺሙን በሂና አቅልቶ፣ የሙስበሃውን ዶቃ በጣቱ እያንከባለለ፣ ገና ጀውሃ ሳንደርስ ማቃሰት ጀመረ። «አይ እትዬ ሀዋ! ያ ዘመን! ሰው ለሰው መድኃኒቱ የነበረበት ዘመን! አንዱ ሲታመም ሌላው እንቅልፍ የሚያጣበት!» ከፊት የተቀመጡት ወጣቶች ከስልካቸው ቀና ብለው በአክብሮት አዩት። እኔም «ልክ ነዎት ጋሼ ይማም» አልኩና ሻሼን አፌ ላይ ሳብ አድርጌ ሳቄን ዋጥኩ። በዚህ ጽሑፍ አንቱታውን ትቼበታለሁ፤ ዕድሜዬን ሙሉ በአፌ ያወጣሁለት ይበቃዋል። እንቅልፍ ማጣታቸውስ እውነት ነው። እኛን ሲያሙ እያደሩ ምን እንቅልፍ ይኖራል?

ዓመቱን አትጠይቁኝ። የአንዱ መንግሥት ፎቶ ከየቢሮው ወርዶ ለሌላው ገና ሚስማር የሚፈለግበት ጊዜ ነበር። እኔ የማስታውሰው ሻይ በስሙኒ እንደነበረ ነው፤ ብርጭቆዋ ወገበ ቀጭን፣ ስኳሩ ታች ዘቅጦ በማንኪያ የሚጫር። ወንዱ ባለ መስመር ሽርጥ በሰፊ ቀበቶ አስሮ፣ ሴቷ አበባ ያለበት ቀሚስ ለብሳ፣ ልጅ አዋቂው በኮንጎ ጫማ ነበር፤ ፀሐዩ ሲበረታ ፕላስቲኩ ቀልጦ እግር ላይ የሚለጠፍ። ከባድ መኪኖች በሚቆሙበት ማዕዘን ቀኑን ሙሉ ካሴት የሚያጫውት ምግብ ቤት ነበረ። ዘፋኙ በፍቅር ተቃጠልኩ እያለ ያለቅሳል፣ ሾፌሮቹ ጥብሳቸውን ይቆርጣሉ፣ እኔ ማዶ ማንጎ ደርድሬ እሸጣለሁ። ዛሬ እዚያ ማዕዘን ላይ ፎቅ ቆሟል፤ ከታች የስልክ ሽፋን ይሸጣል፣ ካሴት ምን እንደሆነ የሚያውቅ አስተናጋጅ የለም። ሙቀቱ ግን ያው ነው፤ ፎቅ አልከለለውም። ፊደልም የቆጠርኩት እዚያው መደቤ ላይ ነው፣ ስኳር በሚጠቀለልበት አሮጌ ጋዜጣ። ጋዜጣው ለመጠቅለያ የተቀደደ ስለሆነ የአንድም ወሬ መጨረሻ አንብቤ አላውቅም ነበር። ለዚህ መሰለኝ ዛሬ የጀመርኩትን ሳልጨርስ ማንም አፌን ሊያስይዘኝ የማይችለው።

ባሌ እንድሪስ ሮቢ ወንዝ ዳር በመስኖ ሽንኩርት ያለማ ነበር። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ መስጊድ ውስጥ ቦታው የታወቀ፤ በመጀመሪያው ሶፍ፣ በፊተኛው የሰጋጆች ረድፍ፣ ልክ ከኢማሙ ከሸኽ ኑሩ ጀርባ። ዝናብ ሆነ አዝመራ ያቺ ቦታ ባዶ ሆና አታውቅም። ያ ሰው ግራ ጎኑን ይወጋው ጀመር። ውጋቱ ሲነሳበት ሽንኩርት መሃል ተንበርክኮ አፈር ይጨብጣል። በዚያ ሰው ለሰው መድኃኒቱ በነበረበት ዘመን ታዲያ መድኃኒት ያልሆነ ሰው አልነበረም! አንዱ ምች ነው አለ። ሌላው ዓይን ነው አለ። መርፌ ወጊው፣ ለወባም ለጥርስም አንዲት መርፌውን ይዞ የሚዞረው፣ ወገቡ ላይ ወጋውና «ደም ነው የረጋበት» ብሎ ሄደ። ከማጀቴ ከተማ የመጣው ስመ ጥር ወጌሻ ደግሞ ማጭድ በእሳት አግሎ ጎኑን ተኮሰው። የሰው ሥጋ እንደ ቆዳ ሲሸት፣ ይማምና ጓደኞቹ ዙሪያውን ቆመው «ጥሩ ያዘለት» ይባባሉ ነበር። እንድሪስ አንዴ ብቻ «ሽንቴ አሸዋ አለው፣ ኩላሊቴ እንዳይሆን» ቢል ይማም ሳቀበት። «ኩላሊት የከተማ ሰው በሽታ ነው። የሮቢ ገበሬ ምን ኩላሊት አለው!»

ከዚያ ትኩሳት ተነሳበት። በዚያ በእኛ ሐሩር፣ ዶሮ አፏን ከፍታ በምትውልበት፣ እሱ በሁለት ጋቢ ተጠቅልሎ ይንቀጠቀጣል። ሞተ ስንል አንድ ቀን ድንገት ውጋቱ ተወው፤ ወዲያው ተቅማጥ ያዘው፤ ከተቅማጡ ጋር መግል። ከተማው ሁሉ «ወጣለት! ወጣለት!» አለ። ወጌሻው ከማጀቴ ድረስ መጥቶ የፍየል ሙክት ነድቶ ወሰደ። መርፌ ወጊው የእኔ መርፌ ነው አለ፣ ይማም የእኔ ዱዓ ነው አለ። በድንቁርና ላይ ሽልማት ሲሻሙ ያየሁት ያኔ ነው። ዛሬም ቢሆን አልቀረም፤ መድረኩ ስልክ ላይ ወጣ እንጂ ሰዎቹ ያው ናቸው።

እንድሪስ ግን አልዳነም። እየከሳ ሄደ። መጀመሪያ ከሰው ጋር በጀመዓ መስገድ ተወ፣ ቤት ውስጥ ብቻውን መስገድ ጀመረ፣ ከዚያ ከዓርቡ ጁምዓም ቀረ። ያቺ የመጀመሪያው ሶፍ ቦታ ባዶዋን ዋለች። ቀጥሎ ውሃ ተወ። በዚያ ሙቀት ከመስኖ ሥራ መጥቶ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ፣ ጣሳውን ስሰጠው አፉን ብቻ አርሶ ይመልስልኛል። ሽቶ መቀባት አመጣ፤ ያ በትንሽ ብልቃጥ የሚሸጠው፣ ከሩቅ ራስ የሚያዞር። ከሁሉም የባሰው ደግሞ ሽርጡን ራሱ ማጠቡ። ባለ ሚስት ወንድ ልብሱን ይዞ ወንዝ ሲወርድ በእኛ አገር ምን እንደሚባል የማያውቅ ካለ ልንገረው፦ ውሽማ ይዟል ይባላል። ሰላት የተወ፣ ሽቶ የሚቀባ፣ ልብሱን ለሚስቱ የማያሳይ ወንድ ሌላ ምን ይሆናል? ይማም ስሟን ሁሉ አወጣላት፤ ጀውሃ ምግብ ቤት ያላት አንዲት ቀይ ሴት። ምስኪኗ ሴትዮ እንድሪስን አይታው አታውቅም።

የመንደሩ ሴቶች ሊያጽናኑኝ መጡ። «ቻይው ሀዋ፣ ወንድ ልጅ እንደ ውሻ ነው፣ ዞሮ ዞሮ ደጁ ነው የሚተኛው» ይሉኛል፣ ዓይናቸው ግን በቤቴ ማዕዘን ሁሉ ወሬ ይፈልጋል። ከመካከላቸው አንዷም ሰውየው ለምን ይከሳል ብላ አልጠየቀችም። ውሽማ የያዘ ሰው ደግሞ ይወፍራል እንጂ መቼ ይከሳል? ይህን እንኳ የሚያስብ ጭንቅላት ጠፋ።

እኔው ሄድኩ። ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ፣ ወንዙ ዳር ሰው በማይኖርበት ሰዓት፣ እንድሪስ ጉልበቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሞ ሽርጡን ሲያሽ አገኘሁት። አየኝና ጨርቁን ከኋላው ደበቀው።

«ስጠኝ» አልኩት።

«ተመለሽ ሀዋ።»

«ስጠኝ አልኩህ እኮ!» ነጥቄ አሸተትኩት። ሴት የወለደች፣ ሕፃን ያሳደገች፣ የሽንትና የሰገራን ሽታ ለይታ ታውቃለች። ሁለቱ ግን አንድ ላይ፣ ከፊት በኩል! ግራ ገብቶኝ አየሁት። ያ ዝምተኛ ሰው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለና ፊቱን በእርጥብ እጁ ሸፈነ።

«ሽንቴ ይተነፍሳል» አለኝ። «አረፋ ይወጣል፣ አየር ይወጣል፣ ቆሻሻም ይወጣል። ለሰላት ታጥቤ ውዱእ አድርጌ ከመቆሜ የሚወጣው ይወጣና ውዱኡ ይፈርሳል። ሸኽ ኑሩ ጀርባ ቆሜ መስጊዱን ላርክስ? ውሃ ካልጠጣሁ ይቀንስልኛል ብዬ ነው።»

ተናደድኩ። ወላሂ እንዲያ ተናድጄ አላውቅም። ጠጠር በሚያበቅል ሙቀት ውስጥ፣ ሽንቱ አሸዋ ያለው ሰው፣ ውዱኡን ለማቆየት ውሃ ተወ! አንዱን ሰው ጠይቆ ቢሆን ኖሮ! ግን ማንን ይጠይቅ? ይማምን? በማግስቱ አውቶቡስ ላይ ጫንኩት።

ያን ጊዜ ወደ ላይ መውጣት ቀላል አልነበረም። አውቶቡሱ ደብረ ሲና ላይ ቆሞ ይተነፍሳል፣ ቆሎ ሻጮቹ መስኮቱን ይወሩታል፣ ከዚያ ታርማ በር፤ ላባችን ሳይደርቅ ጥርሳችን መንቀጫቀጭ ይጀምራል። አዲስ አበባ አንድ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ቀናት ተኛን። ራጅ አነሱት። ከዚያ ነጭ ፈሳሽ በመቀመጫው በኩል ሰጥተው ደግመው አነሱት። ቀዶ ሐኪሙ ጺም ያላበቀለ ልጅ ነበር፤ ሳየው ደግሞ ይሄ ምን ያውቃል ብዬ ንቄው ነበር። ፊልሙን መብራቱ ላይ ለጥፎ ወደ እኔ ዞረ።

«እትዬ፣ ይሄ ነጩ ጠጠር ነው። ቅርንጫፍ አውጥቶ ኩላሊቱን ሞልቶታል። ኩላሊቱ ሞቷል፣ መግል የቋጠረ ከረጢት ሆኗል። መግሉ መውጫ ሲያጣ አጠገቡ ያለውን አንጀት በሳው። ያን ቀን ሕመሙ የተወውም ለዚህ ነው። ይኸው በአንጀት የሰጠነው ፈሳሽ ወደ ኩላሊቱ ሲገባ ይታያል። እንዲህ ያለውን በመጽሐፍ አንብቤዋለሁ እንጂ በዓይኔ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።»

«መድኃኒት የለውም?» አልኩት።

«ቢላዋ ነው። የሞተውን ኩላሊት እናወጣለን፣ የተበሳውን አንጀት ቆርጠን ደህናውን ከደህናው ጋር እንሰፋለን። ሌላኛው ኩላሊት ደህና ነው፣ ውሃ ከጠጣ ያኖረዋል። ካልተሠራ ግን መግሉ ወደ ደም ይገባል፣ ከዚያ በኋላ እኔም አላድነውም። አንድ ነገር ልደብቃችሁ አልፈልግም። አንጀቱ ለስፌት ካልተመቸኝ ለጥቂት ወራት ሰገራው በሆዱ በኩል ይወጣል፣ በከረጢት።»

እንድሪስ ዓይኑን ከፊልሙ ላይ ነቀለ። «ነጃሳ፣ ርኩስ ነገር፣ ሆዴ ላይ አንጠልጥዬ ልስገድ?» አለ። «ወደ ቤቴ መልሱኝ። እዚያው ልሙት።» ተነሳና ሽርጡን አጠበቀ። ለምኜ፣ አልቅሼ፣ ተሳድቤ አልሰማ አለኝ። ፊልሙን በፖስታው ይዤ፣ የሚሞት ባል ይዤ፣ ታርማ በርን ቁልቁል ወረድን።

ቤት በገባን በማግስቱ ከሰዓት፣ ከአስር ሰላት በኋላ ሽማግሌዎች መጡ። ታሞ መጣ ብለው እንዳይመስላችሁ! ከጀውሃዋ ሴትዮ ጋር አዲስ አበባ ከርሞ መጣ ብለው ሊመክሩት ነው። እኔ አብሬው መሄዴን እንኳ የቆጠረ የለም፤ ወሬ ሲያምር ማስረጃ አይፈልግም። ሸኽ ኑሩ መሃል ተቀመጡ፣ ይማም ከጎናቸው። አፋቸው ይማም ነበር።

«እንድሪስ ወንድሜ፣ አላህ ይቅር ባይ ነው» አለ ጉሮሮውን እየጠረገ። «ያቺን የጀውሃዋን ሴትዮ ትተህ፣ ያንን ሽቶህን ትተህ፣ ወደ ሶፍህ ተመለስ። ሀዋም ሴት ናት፣ ሆዷ ሰፊ ነው።»

እንድሪስ አንገቱን ደፋ። ውሽማ አለው መባሉ ይሻለው ነበር፤ እውነቱን ከሚናገር ውሸቱን ተሸክሞ ሊሞት ነው። እኔ ግን ሆዴ ሰፊ አይደለም። ከሳጥኑ ፖስታውን አወጣሁ፣ ፊልሙን ይዤ በሩ ላይ፣ ብርሃኑ ፊት ዘረጋሁት።

«ጋሼ ይማም፣ ጠጋ ይበሉ። ይቺውልዎት ውሽማው። በደንብ ይዩዋት። ዝንጅብል ትመስላለች አይደል?»

«ምንድን ነው እሱ?» አሉ ሸኽ ኑሩ።

«ጠጠር ነው ሸኽ። ኩላሊቱን አበስብሶ አንጀቱን በሳው። የአንጀቱ አየርና ቆሻሻ በሽንቱ ይወጣል። ከመስጊድ የቀረው ውዱኡ ስለማይጸና ነው። ሽቶ የሚቀባው ሽታውን ፈርቶ ነው። ወንዝ የሚያጥበው እኔን አፍሮ ነው። ሐኪም ቀዶ ያድነዋል፣ እሱ ግን ሆዴ ላይ ከረጢት ከምሸከም ልሙት ይላል። እናንተም ለምክር መጥታችኋል። በሉ ምከሩት!»

ይማም ወደ ፊልሙ ጠጋ አለና መልሶ ተቀመጠ።

«እኔ እንኳ በመልካም አስቤ...» አለ ይማም።

«መልካም ሲያስቡ እንዲህ ከሆነ ጋሼ ይማም፣ ክፉ ያሰቡ ለት አላህ ይድረስልን።»

ሸኽ ኑሩ አልሳቁም። ወደ እንድሪስ ዞሩ። «ለመሆኑ ውሃ ትጠጣለህ?»

«ትቻለሁ።»

«ለምን?»

«ውዱኤን ላቆይ ብዬ።»

«ማን አዘዘህ?» አሉ ሸኽ ኑሩ። «አላህ ያላዘዘህን ነገር ከራስህ አውጥተህ ራስህን ልትገድል! የታመመ ሰው ለየሰላቱ ውዱእ ያደርጋል፣ ይሰግዳል፤ ከዚያ በኋላ የሚወጣው ቢወጣ ዑዝር አለው፣ ይቅር ይባልለታል። ከልጅነትህ የቀራኸው፣ የተማርከው ነገር እኮ ነው!»

«ከረጢቱስ ሸኽ? ነጃሳ ተሸክሜ?»

«አንተ ሰው፣ ሁላችንም ሆዳችን ውስጥ ተሸክመነው ነው የምንሰግደው። ያንተ ግድግዳውን ተሻገረ እንጂ ምን ተለየ?» አሉና ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ አዩአቸው። «እኔ ራሴ ይኸው ከእርጅና ወዲህ ሽንት ያንጠባጥበኛል። ለየሰላቱ እየታጠብኩ፣ ጨርቅ አስሬ ነው ፊታችሁ የምቆመው። ከእናንተ መሃል የማያንጠባጥበው ካለ ይነሳና ይንገረኝ።»

ማንም አልተነሳም። ይማምም ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። ወይ ጉድ አልኩ በልቤ፤ ለዚህ ሰልፍ ነው እንግዲህ ባሌ ሊሞትለት የነበረው! አንዱም ለአንዱ ሳይነግር፣ እያንዳንዱ ጨርቁን ደብቆ፣ የሰው ሽርጥ ሲያወራ የኖረ ሰልፍ!

እንድሪስ ፊልሙን ከእጄ ወስዶ ፖስታው ውስጥ መለሰው። በመጨረሻ «ሀዋ» አለኝ፣ «ታርማ በር ላይ ብርድ ነው። ወፍራሙን ጋቢ ያዢልኝ።»

ቀዶ ጥገናው ረፋድ ላይ ተጀምሮ ጀንበር ስትዘቀዝቅ አለቀ። ያ ጺም የሌለው ሐኪም ላብ እንዳጠመቀው ወጣ። «ኩላሊቱ ወጥቷል። አንጀቱንም ሰፍተነዋል፣ ከረጢት አላስፈለገም» አለኝ። እልል ልል አፌን ስከፍት እጁን አነሳ። «ገና ነው እትዬ። ስፌቱ መያዙን የምናውቀው አንጀቱ ሲሠራ ነው። ካልያዘ መልሰን መክፈት ነው፤ ሁለተኛ መከፈትን ደግሞ በዚህ ሰውነቱ ይችለዋል ብዬ አልዋሽሽም።»

«በምን እናውቃለን?»

«ፈስ ሲወጣው።»

እንግዲህ ያ ሁሉ የሠላሳ አልጋ ክፍል ሥራው ይህ ሆነ። ሐኪሙ ጠዋት ይመጣል፣ «ፈስ አለ?» ይላል፣ እንድሪስ ጋቢውን ፊቱ ላይ ይስባል። ማታ ሲስተሯ ትመጣለች፣ «ፈስ አለ?» አጠገቡ የተኙት የመንዝ ሽማግሌ፣ እሳቸውም ሆዳቸው የተከፈተ፣ «አይዞህ ወንድሜ፣ ሲመጣ ስምህን ያስጠራልሃል» እያሉ ያጽናኑታል። አዲስ አበባ የሚኖሩ ያገራችን ሰዎች ብርቱካን ይዘው መጥተው «እኛ እኮ ያኔውኑ ኩላሊት ነው ብለን ነበር» ይላሉ። ብርቱካኑን ተቀብዬ ሸኘኋቸው። ሆዱ ግን በየቀኑ እንደ ከበሮ እየተነፋ ሄደ። ሐኪሙ እጁን አሳርፎ ያዳምጣል፣ ፊቱ ይጠቁራል። አንድ ቀን ጠዋት ወደ ኮሪደር ጠራኝ። «እስከ ነገ እንጠብቃለን። ከዚያ ግን እንከፍታለን።» እንድሪስ ከፊቴ ላይ አነበበው።

ከሰዓት በኋላ እጁን፣ ፊቱን፣ እግሩን በጣሳ አጥቤ ውዱእ አስደረግኩት። ተኝቶ፣ በዓይኑና በጣቱ፣ የአስር ሰላቱን መስገድ ጀመረ። እኔ አልጋው ጫፍ ቁጭ ብዬ የምለምነውን እንኳ አጥቼ ነበር። ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ፣ ገና ግማሽ ሳይደርስ፣ ከብርድ ልብሱ ሥር አንድ ድምፅ ወጣ። ረጅም፣ የማያፍር፣ ክፍሉ ከዳር እስከ ዳር የሰማው።

ከዚያ የመንዙ ሽማግሌ ትራሳቸው ላይ እንደተጋደሙ እጃቸውን ወደ ጣሪያው ዘረጉ፣ «ተመስገን!» አሉ። ከበሩ በኩል አንዱ «አልሃምዱሊላህ!» አለ። ሲስተሯ መርፌዋን እንደያዘች ወደ ሐኪሙ ሮጠች። አስታማሚዎቹ አጨበጨቡ፤ ወላሂ አጨበጨቡ።

እንድሪስ ዓይኑን ገለጠ። ስፌቱን በሁለት እጁ ደግፎ፣ እያመመው፣ ሳቁን መያዝ አቅቶት እንባው በጆሮው ወረደ።

«ሀዋ» አለኝ፣ «ውዱኤ ፈረሰ። ውሃ አምጪ።»